«ደህና ነኝ» የሚል ራስ

በቶሮንቶ ከቪክቶሪያ ፓርክ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ክሬሰንት ታውን ፎቆች የሚያመራ ሰው በጥር ወር ዓይኑን ከእግሩ ሥር አያነሣም። አስፋልቱን መስሎ የተጋገረ ስስ በረዶ ሰውን በጀርባው ይጥላል። የወደቀው ቶሎ ብድግ ይላል፣ ልብሱን ያራግፋል፤ «ተጎዳህ እንዴ?» ሲሉት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ መልስ ነው። እጁ የተሰበረ ሰው ስብራቱን ይናገራል። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ግን ጉዳቱን መዝኖ የሚናገርበት አካል ራሱ ነው የተጎዳው።

አንጎል 1.4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ለስላሳ አካል ነው፤ በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከቦ ይኖራል። ራስ ሲመታ፣ ወይም መኪና ተጋጭቶ አንገት ሲወናጨፍ፣ ከውስጥ ይናወጣል፤ የነርቭ ሴሎቹ ቀጫጭን ክሮች ይለጠጣሉ። ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት ይህን ነው። እኛ «ናላዬ ዞረ» የምንለው በዘይቤ ነው፤ እዚህ ግን ናላ በእርግጥ ይዞራል። ለዚህ ደም መፍሰስም ሆነ ራስን መሳት የግድ አይደለም።

ሲቲ ስካን ተነሥቶ «ምንም የለም» ሲባል ቤተሰብ እፎይ ይላል። ተገቢ ነው፤ ደም አለመፍሰሱ ትልቅ ነገር ነው። የተለጠጡትን ክሮች ግን ስካኑ አያሳይም። ስለዚህ «ምንም የለብህም» የተባለው ሰው ለሳምንታት ራሱን ሊያመው፣ ብርሃንና ጫጫታ ሊያስጠላው፣ የጣደውን ሊረሳ፣ በልጆቹ ላይ ሊቆጣ ይችላል። ቤት ውስጥ «ጠባዩ ተለወጠ» ይባላል፤ አለፍ ሲልም «ሰነፈ» ተብሎ ይታማል። ይህ ሐሜት በሕመም ላይ ሌላ ሕመም ነው።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ወዲያው 911 ይደወል። ጠበል የሚያምን ጠበሉን አይተው፤ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አዛውንት ምልክት ባይታይባቸውም ይመርመሩ፤ በእነሱ ላይ ደም ቀስ ብሎ ሊጠራቀም ይችላል። ለሰፈሩ ቅርብ የሆነው ድንገተኛ ክፍል ኮክስዌል ላይ ያለው ማይክል ጋሮን ነው፤ የቆዩ ነዋሪዎች እስከ ዛሬ ኢስት ጀነራል ይሉታል።

የተጎዳው ሰው ሐኪም ጋ ብቻውን አይሂድ። እንዴት እንደወደቀ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ የሚያውቀው አብሮት የሚኖር ሰው ነው። ልጅን ግን አስተርጓሚ ማድረግ አልደግፍም። የአባቱን መርሳት በአባቱ ፊት መናገር ለልጅ ይከብደዋል፤ አለሳልሶ ያልፈዋል። ሆስፒታሉን አስተርጓሚ መጠየቅ ይሻላል። አደጋው ሥራ ላይ ከደረሰ ይህም ለሐኪሙ ይነገር፤ በኦንታሪዮ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው በ6 ወር ውስጥ ነው።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳምንታት መተኛት የቀረ ምክር ነው። አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መራመድ፤ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ይድናል። ያልተሻለው ደግሞ ወደ ማገገሚያ ክሊኒክ እንዲመራው ሐኪሙን መጎትጎት አለበት። ዳግመኛ መመታት ግን ክፉ ነው። በ2013 ሮዋን ስትሪንገር የተባለች የ17 ዓመት የኦታዋ ራግቢ ተጫዋች፣ በቀደመው ምት ራሷን እያመማት ስትጫወት እንደገና ተመትታ ሞተች። በስሟ የተጠራው የኦንታሪዮ ሕግ በ2018 ወጣ፤ ኮንከሽን የተጠረጠረበት ልጅ ከሜዳ እንዲወጣ ያስገድዳል።

ዳንፎርዝ ላይ ግሪንዉድ አካባቢ ባሉት የሐበሻ ቤቶች ከጫጫታው ሸሽቶ የቀረ ወዳጅ ሲታጣ፣ ደውሎ «ደህና ነህ?» ማለት አይበቃም፤ መልሱን አስቀድመን እናውቀዋለን። «ብርሃን ያስቸግርሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ሐኪም ጋ አብሬህ ልሂድ?» ይባል።