ኋለኛው ሳይደርስ ፊተኛው አይደርስም

በሀገራችን ገጠር ሰው በጠና ሲታመም ጐረቤት ተጠራርቶ ይሰበሰባል፤ ቃሬዛ ይሠራል፤ ሕመምተኛውንም ተሸክመው እየተፈራረቁ ወደ ሕክምና ያደርሱታል። በዚያ ጕዞ ላይ ጕልበታም ነኝ ብሎ ብቻውን ወደ ፊት የሚሮጥ የለም፤ ቢሮጥም ትርፍ የለውም። የመንገዱ ፍጻሜ የሕመምተኛው መድረስ ነውና።

ይህን ያሳሰበን በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ካዴቶች የሚያደርጉት አንድ ውድድር ነው። በዚያ ሀገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን አንዳንዶቹ ልጃቸው የደንብ ልብስ ለብሶ ወደ ቤት ሲመጣ ይደነግጣሉ። መደንገጣቸውም አያስነቅፍም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ልጁን ሸኝቶ በዚያው የቀረበት ቤተ ሰብ፥ ልብሱን ሲያይ ያለፈውን ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ የነገሩን ምንነት ለወላጆች ማስረዳት ተገቢ ሆኖ ታየን።

ጁኒየር አር.ኦ.ቲ.ሲ. የሚባለው ይህ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1916 በሕግ ተቋቋመ፤ ለሴቶች ልጆች የተፈቀደው በ1973 ነው። በሕጉ የተጻፈው ዓላማ ተማሪዎችን መልካም ዜግነትን፥ ሀገርን ማገልገልንና ኀላፊነትን ማስተማር ነው። ካዴት የሆነ ተማሪ ወታደር ለመሆን ግዴታ አይገባም። ወድዶ ወደ ሠራዊት ለሚገባ ግን ከፍ ባለ ደመወዝ ለመጀመር ሊረዳው ይችላል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ሳይጠይቁ መመዝገባቸው በ2022 በጋዜጣ ተገልጧል። እንግዲህ ወላጅ ጠይቆ፥ ልጁም ወድዶ እንዲገባ ያስፈልጋል።

ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ሰውነትን ማጠንከር ነው። ካዴቱ በክንዱ ተደግፎ በመነሣትና በመውረድ፥ በብረት ላይ በመንጠልጠል፥ አንድ ማይል፥ ማለት 1,600 ሜትር ያህል፥ በመሮጥ ይፈተናል። በዚህ ፈተና እያንዳንዱ የሚመዘነው በራሱ ጕልበት ነው። በምድር ጦር ሥር ያሉት ካዴቶች «ሬይደር» በሚሉት የቡድን ውድድር ግን ሥርዓቱ ይለወጣል።

ወንዶች ለብቻ፥ ሴቶች ለብቻ፥ ወይም በአንድነት ቡድን ሠርተው ይወዳደራሉ። አንዱ ሥራ በወንዝ ወይም በሸለቆ ላይ አንድ ገመድ ወጥሮ መሻገር ነው፤ ቋጠሮውን በሚገባ ያልቋጠረ ሁሉንም ያዘገያል። ሌላው ሸክም የተጫነበትን ቃሬዛ በአባጣ ጐርባጣ መንገድ ተሸክሞ መሮጥ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዚህ ይታያል። በቡድን የሚሮጥ ሩጫም አለ። ሰዓቱ የሚቆመው ፊተኛው ሲደርስ አይደለም፤ ከቡድኑ የመጨረሻው ልጅ መስመሩን ሲያልፍ ነው።

በዚህ ሥርዓት ፈጣኑ ልጅ የዘገየውን ቢንቅ ራሱን ይጐዳል። ስለዚህ እርምጃውን ለጓደኛው ያስማማለታል፤ ትንፋሹን እንዲቈጥብ ያስተምረዋል፤ ከውድድሩ ቀን አስቀድሞም አብሮት ይለማመዳል። ደካማውም በበኩሉ ጓደኞቹ እንደሚጠብቁት ስለሚያውቅ ይበረታል እንጂ አይለግምም።

እኛ መምህራን በዚህ ነገር ጥፋታችንን ልንናዘዝ ይገባናል። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎችን አሰልፈን አሩጠናል፤ አንደኛ ለወጣው አጨብጭበናል፤ በመጨረሻ የደረሰው ሲሳቅበት ግን ዝም ብለናል። በስፖርት ቀን ሆዴን አመመኝ እያለ ይቀር የነበረው ልጅ ሕመሙ ሆዱ ላይ እንዳልነበረ የገባን ዘግይቶ ነው። ሰውነቱን ማጠንከር ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ነበረ፤ እኛ ግን ከሜዳው አራቅነው።

ውድድር በራሱ ክፉ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም የክርስቲያንን ተጋድሎ በሩጫ መስሎ አስተምሯል። ክፉ የሚሆነው ማሸነፍ ሰውን ከማክበር ሲበልጥ ነው። አሠልጣኝ ለዋንጫ ሲል የታመመን ልጅ የሚያስሮጥ ከሆነ፥ ወላጅ ዝም ሊል አይገባም። ልጁ በሚጾምበት ቀን ብርቱ ልምምድ ቢኖር፥ ወላጆች ከንስሐ አባታቸውና ከአሠልጣኙ ጋር አስቀድመው ይመካከሩ፤ ልጁ በሁለቱ መካከል ተጨንቆ እንዳይደበቅ።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ካዴት ቢሆን ወይም በሰፈር ሜዳ ኳስ የሚጫወት ቢሆን፥ ከውድድር ሲመለስ አስቀድመን የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን ነው። ከእንግዲህ ግን «ጓደኞችህ ሁሉ በደኅና ደረሱ ወይ?» ብለን እንጀምር። ልጁ ምን እንደምናከብር የሚያውቀው ከጥያቄያችን ነውና።