ሸክላው የሚጎተተው በቮልቴጅ አይደለም
ስለ አሮጌ ማጫወቻ ፍጥነት የሚወሩ ተረቶችና እውነታው

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው 103 ነጠላ ሸክላዎች በደቂቃ 45 ጊዜ እንዲዞሩ ሆነው የተቀረጹ ናቸው። እዚህ ቤርሼባ፣ ሽኩና ጊሜል ውስጥ ግን ዓለማየሁ እሸቴን በ37 ዙር ተኩል የሚያሰማ ማጫወቻ ያጋጥማል። ድምፁ ይወፍራል፣ ሳክስፎኑ ያዘግማል፣ ከበሮው ይጎተታል። ባለቤቱም «ሸክላው አርጅቷል» ብሎ ይተወዋል። ሸክላ ሲያረጅ ይንኮሻኮሻል፣ ይዘላል፤ ፍጥነቱን ግን አይቀንስም። ፍጥነት የሞተሩ ጉዳይ ነው፤ ሞተሩን ደግሞ በገዛ እጅ በሚሠራ መቆጣጠሪያ መግራት ይቻላል። ሰውን ከሥራው የሚያርቁትና አንዳንዴም አደጋ ላይ የሚጥሉት በዙሪያው የሚወሩት ተረቶች ስለሆኑ እነሱን እንይ።

ተረት፦ «ማጫወቻው የአሜሪካ ከሆነ 110 ትራንስፎርመር ይበቃዋል»

ከሁሉም የተስፋፋው ይህ ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን ማጫወቻ ይልካል፤ ተቀባዩ ከ230 ወደ 110 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይገዛል፤ ሞተሩ አይቃጠልም፣ ሳህኑም ይዞራል። የሚዞረው ግን በዝግታ ነው።

ትራንስፎርመር የሚቀይረው ቮልቴጁን ብቻ ነው። የእስራኤልም የኢትዮጵያም መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 ሄርዝ የሚባለው ይኸው ነው። የአሜሪካው 60 ነው። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን የቺንጊያ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሲንክሮነስ ሞተር ደግሞ እርምጃውን የሚወስደው ከዚህ ምልልስ ነው። ባለ 16 ዋልታ የሆነው በ50 ሄርዝ በደቂቃ 375 ጊዜ፣ በ60 ሄርዝ 450 ጊዜ ይዞራል፤ ቮልቴጁ ትንሽ ቢወጣም ቢወርድም ቁጥሩ አይነቃነቅም። ስለዚህ ቺንጊያውን የሚያዞረው የሞተሩ ፑሌጃ ለ60 ሄርዝ ተለክቶ 50 ሲሰጠው ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይሄዳል። 33⅓ ዙር ወደ 27.8፣ 45 ዙር ወደ 37.5 ይወርዳል። በኪቦርድ ብንለካው ከሦስት ግማሽ ድምፅ ትንሽ ይበልጣል።

ይህን ያህል ወርዶ ጆሮ ለምን ወዲያው አይነቃም? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚለዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ሸክላ ሲዘገይ ሁሉም ድምፅ በእኩል መጠን ስለሚወርድ ርቀቱ አይነካም። ቅኝቱ ሳይፋለስ እንዳለ ወደ ታች ይወርዳል። ክራር ወይም ኪቦርድ ይዞ አብሮ ለመጫወት የሞከረ ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ስንኝ ያውቀዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው፦ ለ50 ሄርዝ የተሠራውን ፑሌጃ ፈልጎ መቀየር፣ አለዚያም 115 ቮልትን ከ60 ሄርዝ ጋር አንድ ላይ የሚሰጥ መቆጣጠሪያ መሥራት። ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ማጫወቻው እንደተሠራ ይቆያል፣ ወደ አዲስ አበባም ቢሄድ የመቆጣጠሪያው ሳጥን አብሮት ይሄዳል።

ተረት፦ «የቬንትሌተር ዲመር ይበቃል»

ዲመር የሚቀንሰው ቮልቴጁን ነው። ሲንክሮነስ ሞተር ቮልቴጅ ሲያንሰው ጉልበቱ ይደክማል እንጂ አይዘገይም፤ ሲብስበት ይንቀጠቀጥና ይቆማል። ዲመሩ የሚቆራርጠው ሞገድ ያመጣው ጥዝጥዝታ ደግሞ በመርፌው በኩል ወደ ድምፅ ማጉያው ይገባል። ወሬው ከየት እንደመጣ መገመት ይቻላል፦ እንደ ጋራርድ 301 እና ሌንኮ ኤል 75 ያሉት ማጫወቻዎች የኢንዳክሽን ሞተር ስላላቸው ቮልቴጅ ሲቀነስባቸው ትንሽ ይዘገያሉ። እነሱ ግን ማስተካከያቸውን ይዘው ነው ከፋብሪካ የወጡት። ጋራርዱ በማግኔት የሚሠራ ፍሬን አለው፤ ሌንኮው ሾጣጣ ዘንግ ላይ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተት ጎማ አለው።

ከመኪና ባትሪ 230 የሚያወጣው ርካሽ ኢንቨርተርም ከዲመር አይሻልም። ሞገዱ ደረጃ ደረጃ ያለው ስለሆነ ሞተሩን ያግለዋል፣ ያስጮኸዋልም።

ተረት፦ «መቆጣጠሪያ ከተገጠመ ሁሉም ይስተካከላል»

ከአልቴ ዛኽን መኪና ላይ የወረደ ወይም ከሐሙስ ገበያ የተገዛ ማጫወቻ በመጀመሪያ የሚፈልገው ጽዳት ነው። የላላ ቺንጊያ ይንሸራተታል፤ ዘይቱ የደረቀበት ኩሽኔታ ሳህኑን ይይዘዋል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያረጀ የሞተር ካፓሲተርም ጉልበት ያሳጣል፣ ያንቀጠቅጣልም። መቆጣጠሪያ ለእነዚህ አይደርስላቸውም። መሃል ቀዳዳው ወደ ጎን የሸሸ ሸክላ በየዙሩ ድምፁን ከፍ ዝቅ ሲያደርገውም መቆጣጠሪያው አያድነውም፤ እሱ የሚጠብቀው አማካይ ፍጥነቱን ነው። ቺንጊያ ለውጦ፣ ኩሽኔታ አጥቦና ዘይት አጠጥቶ ከዚያ በኋላ መለካት ነው። ብዙ ማጫወቻ እዚያው ላይ ይስተካከላል፤ ሳጥኑም አያስፈልግም።

እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ያለ ሞተሩ በቀጥታ ሳህኑን የሚያዞር ማጫወቻ የራሱ መቆጣጠሪያ በውስጡ ስላለው ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። በዲሲ ሞተር የሚሠራም እንዲሁ።

ተረት፦ «እንዲህ ያለ ነገር ፋብሪካ ካልሆነ አይሠራም»

ሐሳቡ አጭር ነው። የግድግዳውን 50 ሄርዝ ትተን የራሳችንን ሞገድ እንሠራለን። አርዱይኖን የመሰለ ትንሽ ቦርድ የሳይን ሞገድ ቁጥሮችን ከሰንጠረዥ እያነበበ ያወጣል፤ ማጣሪያ ያለሰልሰዋል፤ የድምፅ አምፕሊፋየር ጉልበት ይሰጠዋል፤ በመጨረሻ በግልባጭ የተገጠመ ተራ ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ሞተሩ ወደሚፈልገው ያወጣዋል። እንዲህ ያለ ሞተር የሚበላው ብዙ ጊዜ ከ15 ዋት በታች ስለሆነ የመኪና ቴፕ አምፕሊፋየር ይችለዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ትራንስፎርመሩን ሲመርጡ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ የመኪና አምፕሊፋየር ቢበዛ የሚያወጣው ሞገድ ጫፉ 12 ቮልት ሊደርስ ይቃረባል፤ ይህ በተለመደው አለካክ 8 ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ላይ ከ12 ወደ 230 የሚለውን ትራንስፎርመር የገጠመ ሰው 150 ቮልት ገደማ አግኝቶ «ሰርኪዩቱ አልሠራም» ይላል። ለ230 ቮልት ሞተር የሚሆነው ባለ 6 ቮልቱ ነው፤ ለብክነት የሚሆን ትርፍም ይተርፈዋል።

አንዳንዱ ሞተር ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው፤ ካፓሲተሩም የተቀመጠው የአንዱን ሞገድ ከሌላው ሩብ ዙር ለማዘግየት ነው። ሁለት አምፕሊፋየርና ሁለት ትራንስፎርመር ካለ ቦርዱ ራሱ በ90 ዲግሪ የሚለያዩ ሁለት ሞገዶች ያወጣል፤ ካፓሲተሩም ይቀራል። ሞተሩ ጸጥ የሚለው በዚህ ነው። አንዴ ከተነሣ በኋላ ቮልቴጁን ትንሽ መቀነስም ንዝረቱን ይቀንሳል።

ሌላ ጥቅምም አለ። ፑሌጃው በ50 ሄርዝ ለ33⅓ ብቻ የሆነ ማጫወቻ 67.5 ሄርዝ ሲሰጠው 45 ይሆናል፤ ቮልቴጁ ግን አብሮ ከፍ ማለት አለበት፣ አለዚያ ጉልበት ያጣል። ከዚህ የበለጠ ደግሞ የጥንቶቹ ሸክላዎች ጉዳይ አለ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን በተቀረጹበት ዘመን 78 የሚባለው ፍጥነት ገና ወጥ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቅጂ ያለው ሰው 78 ዙር በሚችል ማጫወቻ ላይ ፍጥነቱን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ እያደረገ ካልፈለገው የዘፋኙን ድምፅ አያገኘውም።

ተረት፦ «ስትሮቡ ላይ መስመሩ ከቆመ ፍጥነቱ ልክ ነው»

ስትሮብ ማለት ዙሪያውን ጥቁርና ነጭ መስመር የታተመበት ክብ ወረቀት ነው። በ50 ሄርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሳህኑ በልኩ ሲዞር 180ው መስመሮች የቆሙ ይመስላሉ። ለ45 ዙር 133፣ ለ78 ዙር 77 መስመር ነው። የአሜሪካው ወረቀት 216 እና 160 ስለሆነ እዚህ አይሠራም። አንዳንድ የዛሬ ኤልኢዲ አምፖሎችም ስለማይርገበገቡ መስመሩ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል፤ አሮጌ ኒዮን ወይም ክር ያለው አምፖል መፈለግ ነው።

ዋናው ስህተት ግን ይህ አይደለም። ሞተሩም አምፖሉም ከአንድ ግድግዳ ሲጠጡ፣ የመብራቱ ምልልስ ከ50 ወደ 49.8 ቢወርድ ሞተሩ ይዘገያል፣ አምፖሉም አብሮት ይዘገያል። መስመሩ ቆሞ ይታያል፤ ሸክላው ግን ዘግይቷል። አሁን በራስዎ መቆጣጠሪያ 50.00 ሲሰጡት መስመሩ ቀስ ብሎ መንሸራተት ይጀምራል፤ ያኔ ብዙ ሰው መቆጣጠሪያውን ይጠረጥርና ማስተካከያውን ይነካካል። የተንሸራተተው አምፖሉ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዚያው ቦርድ ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ የምትበራ ትንሽ ኤልኢዲ አውጥቶ ስትሮቡን በእሷ ማየት ይበጃል። አንድ ጥንቃቄ፦ በአንዳንድ የአርዱይኖ ቦርዶች ላይ ሰዓቱን የሚመታው ክሪስታል ሳይሆን ሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፤ ስህተቱ ከመቶ ግማሽ ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ከግድግዳው መብራት ሊብስ ይችላል። ክሪስታል ያለውን ይግዙ።

ፍጥነቱን በኪቦርድ ለማስተካከል መሞከርም አያዋጣም። በዚያን ጊዜ ባንዱ በምን እንደተቃኘ፣ የተቀረጸበት ቴፕም በምን ፍጥነት እንደሄደ ኪቦርዱ አያውቅም።

ተረት፦ «የምነካካው 12 ቮልት ስለሆነ አያሰጋም፤ ቢበዛም ፓሐቱ ይዘጋል»

ሰው የሚገድለው ተረት ይህ ነው። በአንድ በኩል የሚገባው 12 ቮልት ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ማዶ የሚወጣው ግን 115 ወይም 230 ነው፣ ልብ ለማቆም የሚበቃ ጉልበትም አለው። ፓሐት የሚዘጋው ከቤቱ መስመር ወጥቶ ያልተመለሰ ጅረት ሲያይ ነው። የእርስዎ ሳጥን የሚያወጣው መስመር ከቤቱ የተለየ ስለሆነ ሁለቱን ሽቦ በሁለት እጅ የያዘ ሰው እየተንዘረዘረ ፓሐቱ ምንም አያይም። ስለዚህ በመውጫው ላይ ፊውዝ ያድርጉ፤ ሳጥኑ የተዘጋ ይሁን፤ የማጫወቻው የብረት አካል ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዝ፤ ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት መሰኪያውን ነቅለው ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ ይጠብቁ።

ካውያ ይዘው የማያውቁ ከሆነ ፕሮግራሙንና 12 ቮልቱን ክፍል እርስዎ ይሥሩት፤ የ230ውን ወገን ግን በሙያው ፈቃድ ያለው ሐሽማላይ አጠገብዎ ሆኖ ይሥራልዎ፣ ከመሰካትዎ በፊትም ይፈትሽልዎ።