ከዱቄቱ ጋር የሚበላው ብረት

የእህል ወፍጮን ሥራ ከውጭ ለሚመለከት ሰው ዋናው ነገር የሞተሩ ጉልበት ይመስላል፤ ነገር ግን ዱቄቱ የላመ ወይም የሻከረ፣ ቀዝቃዛ ወይም የጋለ፣ ንጹሕ ወይም ብረት የተቀላቀለበት እንዲሆን የሚያደርገው እህሉን በቀጥታ የሚነካው ክፍል ነው። ይህ ክፍል በአንዳንዱ ወፍጮ ድንጋይ፣ በሌላው መዶሻና ወንፊት፣ በዱቄት ፋብሪካዎች ደግሞ ሲሊንደር ሲሆን፣ በጋናና በሌሎች የምዕራብ አፍሪካ አገሮች በቆሎ በሚፈጩት አነስተኛ ወፍጮዎችና በላቲን አሜሪካ ቤቶች በሚታወቀው የእጅ ወፍጮ ውስጥ ግን ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት የብረት ዲስኮች ናቸው።

አንደኛው ዲስክ ከወፍጮው አካል ጋር ታስሮ ይቆማል፤ ሁለተኛው በዘንግ ላይ ሆኖ ይሽከረከራል። እህሉ ከላይ ወርዶ በጠመዝማዛ ገፊ እየተነዳ በቆመው ዲስክ መካከል ባለው ቀዳዳ ይገባና በሁለቱ ፊቶች መካከል እየተሰበረና እየደቀቀ ወደ ጠርዝ ይወጣል። በዲስኩ ፊት ላይ የተቀረጹት ጎድጓዳ መስመሮች ቦዮች፣ በመካከላቸው የሚቀሩት ከፍታዎች ደግሞ ጎድኖች ቢባሉ፣ በመካከሉ አካባቢ ያሉት ቦዮች ሙሉውን ፍሬ ተቀብለው መስበር ስላለባቸው ጥልቅና ጥቂት ይሆናሉ፤ ወደ ዳር ሲቃረቡ ግን የተሰበረውን ለማላም እየጠበቡ፣ ጥልቀታቸው እየቀነሰና ቁጥራቸው እየበዛ ይሄዳል።

የንድፉ ዋና ምስጢር ያለው በቦዮቹ አቅጣጫ ነው። ቦዮቹ ከዲስኩ እምብርት ተነሥተው በቀጥታ ወደ ዳር አይዘረጉም፤ በእምብርቱ ዙሪያ ለምትታሰብ አነስተኛ ክብ ታካኪ ሆነው፣ ማለትም ክቧን በአንድ ነጥብ ብቻ ነክተው የሚያልፉ መስመሮች ሆነው ይሠመራሉ። ሁለቱ ዲስኮች ከአንድ ዓይነት ቅርጽ ወጥተው ፊት ለፊት ሲገጠሙ የአንዱ ቦዮች የሌላውን ስለሚያቋርጡ፣ በሚሽከረከሩበት ጊዜ ጎድኖቻቸው እንደ መቀስ ስለት ይተላለፋሉ። ራዲየሱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዲስክ ላይ የታሰበችው ክብ ራዲየስ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከመካከሉ 4 ሳንቲ ሜትር በሚርቅ ቦታ ቦዮቹ የሚቋረጡበት ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን በጠርዙ ላይ ወደ 23 ዲግሪ ይወርዳል። በእህሉና በብረቱ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.3 ገደማ ነው ቢባል፣ ፍሬው በሁለት ጎድኖች መካከል ተይዞ የሚቆረጠው ማዕዘኑ ከ33 ዲግሪ ገደማ ሲያንስ ነው፤ ሲበልጥ ግን ተንሸራቶ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ አንዱ ቀጥተኛ ቦይ ከመካከሉ እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ድረስ በዋናነት እህል አሻጋሪ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እህል ቆራጭ ሆኖ ያገለግላል። የድንጋይ ወፍጮ ባለሙያዎች ይህን ከብረት ዲስክ መስፋፋት አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ አሜሪካዊው የወፍጮ መሐንዲስ ኦሊቨር ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1795 ባሳተመው መመሪያ የቦዮቹን አሠማመር በሰፊው አብራርቷል። ለአንድ አቅጣጫ ዙር የተሠመረ ዲስክ በተቃራኒው በሚዞር ወፍጮ ላይ ሲገጠም የመቋረጫ ነጥቦቹ ወደ ውስጥ ስለሚጓዙ እህሉ ይታጨቃል፤ ዱቄቱም ይግላል።

ቅርጹ የቱንም ያህል ቢያምር ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ብዙ አይቆይም። ዲስክ በአብዛኛው የሚሠራው በብረታ ብረት ሠራተኞች ዘንድ ጊዛ ከሚባለው፣ ቀልጦ በፎርማ ውስጥ ከሚፈስና በውስጡ ብዙ ካርቦን ካለው ብረት ነው። ጊዛ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ በግራፋይት መልክ ተለይቶ ስለሚወጣ ግራጫ፣ ለቶርኖ የሚመችና በአንጻሩ ለስላሳ ብረት ይሆናል፤ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ግን ካርቦኑ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ሲሜንታይት የሚባል እጅግ ጠንካራ ውሕድ ስለሚፈጥር ስባሪው ነጭ ሆኖ ይታያል። በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ ግራጫው 200 ገደማ ሲያስመዘግብ ነጩ ከ400 በላይ ይደርሳል። የሠለጠነ ቀላጭ ሁለቱንም ባሕርያት በአንድ ዲስክ ላይ ያገኛል፤ ይኸውም በአሸዋው ፎርማ ውስጥ በመፍጫው ፊት በኩል ቀዝቃዛ ብረት በማስቀመጥ ፊቱ ነጭና ጠንካራ፣ ጀርባው ግን ግራጫና በቀላሉ የሚበሳ እንዲሆን በማድረግ ነው። ከአሮጌ የሞተር ብሎክ ቀልጦ እንዲሁ በአሸዋ ላይ የሚፈስ ዲስክ ይህን ጥቅም አያገኝም፤ የሞተር ብሎክ ጊዛ በውስጡ ያለው ሲሊከን ግራፋይት እንዲፈጠር ስለሚያግዝ ዲስኩ እስከ ፊቱ ድረስ ለስላሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እህሉ ሳይበጠር ሲመጣ አብሮት የሚገባው አሸዋ ደግሞ ከግራጫው ጊዛ እጅግ የሚጠነክር በመሆኑ ዲስኩን በፍጥነት ይበላዋል።

የተበላው ብረት የሚሄደው ወደ ዱቄቱ ነው። ጥንድ ዲስክ 20 ቶን እህል ፈጭቶ እስኪጣል ድረስ 1 ኪሎ ግራም ብረት ቢያጣ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ዱቄት ውስጥ በአማካይ 50 ሚሊ ግራም ብረት ይገባል፤ በቀን ግማሽ ኪሎ የሚመገብ ሰው ከዲስኩ ብቻ 25 ሚሊ ግራም ይወስዳል ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስቀመጠው የቀን ጣሪያ ለ1 ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ሚሊ ግራም፣ ለ60 ኪሎ ሰው 48 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ይህ ድርሻ ቀላል አይደለም። ብናኙ ሰውነት በደንብ የሚጠቀምበት ዓይነት ብረት ባለመሆኑ ለደም ማነስ መድኃኒት አድርጎ ማሰብም ስሕተት ነው። በጋና እንደሚደረገው በቆሎው ተዘፍዝፎ መኮምጠጥ ከጀመረ በኋላ በእርጥቡ ሲፈጭ አሲዱ ብረቱን ስለሚያሟሟ ጉዳቱ ይብሳል።

ከመበላት ባልተናነሰ የሚያሳስበው የሁለቱ ፊቶች አገጣጠም ነው። ለላመ ዱቄት የሚፈለገው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ኩሽኔታው ላልቶ ዘንጉ በትንሹ ቢወዛወዝ ዲስኮቹ በአንድ ወገን ይነካካሉ፣ በሌላው ወገን ይራራቃሉ፤ ውጤቱም ብረትና ሽርክት የተደባለቀበት ዱቄት ነው። ለጤፍ ሲሆን ችግሩ ይጎላል፤ የአንዲት የስንዴ ፍሬ ክብደት 150 ከሚያህሉ የጤፍ ፍሬዎች ጋር ስለሚመጣጠን፣ ለበቆሎ የተሠራ ዲስክ ቦዮቹ እስከ ጠርዙ ጥልቅ ከሆኑ ጤፉን ሳይነካው ያሳልፈዋል። ባለ ወፍጮው ይህን ለማካካስ የማስተካከያውን ብሎን ሲያጠብቅ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ለጤፍ የሚስማማው ቦዮቹ ከጠርዙ በፊት እየሰለሉ የሚያልቁበትና ዳሩ ዙሪያውን ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቀርበት ዲስክ ነው።

የድንጋይ ወፍጮ ሲደነዝዝ ይወቀራል፤ ነጭ ጊዛ ግን በመሮ የማይደፈር በመሆኑ ንድፍ አውጪው ዲስኩ አዲስ ሳለ ብቻ ሳይሆን እየተበላ ሲሄድ የሚኖረውንም መልክ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የቦዩ ግድግዳ ዘመም ያለ ከሆነ ቅርጹ ከአሸዋው በቀላሉ ይወጣል፤ ነገር ግን ዲስኩ በተበላ ቁጥር ጎድኖቹ እየሰፉ ስለሚሄዱ ሰበቃውና ሙቀቱ ይጨምራል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ጎድኑ ስፋቱን ይጠብቃል፤ ይሁን እንጂ ቅርጹ በሚወጣበት ጊዜ አሸዋውን ያፈርሳል። ነጩ ንብርብር ከቦዩ ጥልቀት ያነሰ እንደሆነ፣ ጎድኑ ገና ያላለቀ እየመሰለ ለስላሳው ብረት መበላት ይጀምራል። ገዢው ይህን በሞረድ ሊፈትን ይችላል፤ ሞረዱ በጎድኑ አናት ላይ ተንሸራትቶ ካለፈ ፊቱ ነጭ ጊዛ ነው፣ ነክሶ ብናኝ ካወጣ ግን ግራጫ ነው። ከተፈጨ በኋላም በስስ ላስቲክ የተጠቀለለ ማግኔት በዱቄቱ ውስጥ ሲዘዋወር የሚለቅመው ጥቁር ብናኝ የዲስኩን ሁኔታ ያሳያል።