ዋስትና የከለከለው ማነው?

ባለፈው ሴሚስተር ለፍርድ ቤት ዘገባ ልምምድ ልደታ ሄደን ነበር። ከችሎት ወጥቼ የጻፍኳት ዜና አጭር ናት፦ «ፍርድ ቤቱ የተከሳሹን የዋስትና ጥያቄ ውድቅ አደረገ።» መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ «በየትኛው አንቀጽ?» ብለው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር ዳኛው አንቀጹን ሲጠሩ ሰምቻለሁ፤ ግን ቁጥር ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ዜናው ያለው እዚያው ቁጥሩ ላይ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(6) የተያዘ ሰው በዋስ የመለቀቅ መብት አለው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል እንደሚችል ይገልጻል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ሁለት አካላት አሉ። ልዩ ሁኔታውን የሚደነግገው ሕግ አውጪው ነው፤ «ሊከለክል ይችላል» የተባለው ግን ፍርድ ቤቱ ነው።

በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁለቱም መንገዶች ይታያሉ። በአንቀጽ 67 ዳኛው ያመዛዝናል፦ ይህ ሰው ቢለቀቅ ይጠፋል? ምስክር ያባብላል? ሌላ ወንጀል ይሠራል? አንቀጽ 63 ግን ሌላ ነው። ክሱ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተበዳዩ ከሞተ ወይም የሚሞት ከሆነ፣ በሩ ተዘግቷል። ዳኛው የሚያየው ሰውየውን ሳይሆን የክሱን አንቀጽ ነው። አንቀጹን የሚመርጠው ደግሞ ዓቃቤ ሕግ ነው! ይህ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር።

ሕግ አውጪው ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት የ1993 ዓ.ም.ን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡ፣ የያኔዋ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ፖሊስ ግን ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ መልሶ ያዛቸው። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣና በሙስና የተያዘ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ከለከለ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ዳኛ ቢቀመጥ የሚያመዛዝነው ነገር አልነበረም። አቶ ስዬ በ1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብለው 5 ዓመት ሲፈረድባቸው፣ እስር ቤት ወደ 6 ዓመት ቆይተው ስለነበር ተለቀቁ። እንግዲህ ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት፤ ክርክሩን ሲጠብቁ የታሰሩት ከቅጣቱ በልጧል።

ክልከላው በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 434 ላላ፤ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ የሙስና ክስ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001ም፣ በ2012 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ፣ ለተከሰሰ ሰው ተመሳሳይ በር ዘግቶ ነበር።

ከባድ ወንጀል ሲሆን ጥንቃቄ አያስፈልግም አልልም። ምስክር የሚያስፈራራ ሰው አለ፣ የሚጠፋም አለ። ግን ይህንን ለማጣራት አንቀጽ 67 አለ እኮ! ዳኛው ሰውየውን ዓይቶ ቢከለክል ምክንያቱን ይጽፋል፣ ምክንያቱም ይመረመራል። አዋጁ በጅምላ ሲከለክል ግን ዳኛው ፊርማ ብቻ የሚያኖር ሰው ይሆናል፤ እኛ ደግሞ «ፍርድ ቤቱ ከለከለ» ብለን እንጽፍለታለን።

ዜናዬን መልሼ ጻፍኳት። መዝገብ ቤት ሄጄ ጠይቄ አንቀጽ 67 መሆኑን ስላረጋገጥኩ፣ ዳኛው ምስክሮችን ያባብላል በሚል ስጋት እንደከለከሉ ጨመርኩ። አራት መስመር ሆነች። በአንቀጽ 75 መሠረት ተከሳሹ በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማመልከት ይችል ነበር። ያኔ ግን ፈተና ደርሶብኝ ተመልሼ ሳልጠይቅ ቀረሁ።