ለአደጋ ጊዜ የሚቀመጥ ልብስ በምን ይመረጣል?

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደቡብ ቱርክንና ሰሜን ሶርያን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ነበር። የጃፓኗን ኮቤ ጥር 9 ቀን 1987 ዓ.ም. ያወደመውም ጎህ ሳይቀድ ነው። በሁለቱም ቦታ ጊዜው የብርድ ወቅት ስለነበር፣ ከሞት የተረፈው ሰው ወዲያው ከብርዱ ጋር ተፋጠጠ። በእኛም አገር በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ በሌሊት ከፎቅ ወርደው ደጅ የቆሙ ነዋሪዎች ነበሩ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና የታኅሣሥና የጥር ሌሊቷ ይበርዳል።

ቤት በድንገት መልቀቅ ቢያስፈልግ ተነሥቶ የሚያዝ ዝግጁ ቦርሳ ሲሰናዳ ውሃ፣ ምግብ፣ ባትሪና ሰነድ ይታሰባሉ። ልብስ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ከቁም ሳጥን የተረፈው ይጨመራል። ምርጫውን በዘፈቀደ ላለማድረግ ሰውነት ሙቀቱን እንዴት እንደሚያጣ ማወቅ ይቀድማል።

የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከ35 በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖሰርሚያ ይሉታል፤ ሰውነት የሚያመነጨው ሙቀት የሚያጣውን መተካት ሲያቅተው የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ቀጥሎም ሐሳቡ ይዛባል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ራሱን ለማዳን የሚያስፈልጉትን እጅና አእምሮ ያሳጣዋል። ለዚህ ደግሞ የግድ ውርጭ አያስፈልግም፤ ነፋስና እርጥብ ልብስ ከተገናኙ ከዜሮ በላይ በሆነ አየርም ይደርሳል።

ሙቀት ከሰውነት የሚወጣው ቀዝቃዛ መሬት ወይም ድንጋይ ሲነካ፣ ነፋስ በቆዳ ዙሪያ የሞቀውን አየር ሲጠርገው፣ እርጥበት ሲተንና በጨረር መልክ ነው። ልብስ በራሱ ሙቀት አይፈጥርም። ሥራው በክሮቹ መካከል አየር አግቶ ማቆየት ነው፤ የቆመ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍምና። ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብሶች ተደራርበው የሚሻሉትም ስለዚህ ነው። በመሐላቸው ተጨማሪ አየር ይያዛል፤ ሰውየው ዕቃ ተሸክሞ ሲሞቀው ደግሞ ሳያልበው አንዱን ያወልቃል።

ውሃ ይህን አሠራር ያፈርሰዋል። ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከቆመ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ሲርስ አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። የሱፍ ክር ጥምዝ ስለሆነ ረጥቦም ጥቂት አየር ያቆያል። ፖሊስተር ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ነገር ግን እሳት ሲያገኘው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ደጅ እሳት አንድዶ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጋቢስ? በአራት ድርብ የሚሠራው ጋቢ ብዙ አየር ይይዛልና ደረቅ እስከሆነ ድረስ ለሌሊት ብርድ እጅግ ጥሩ ነው። ግን ጥጥ ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ካገኘው ከባድ ሸክም ይሆናል። በደጋው አገር የሱፍ በርኖስ የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ጋቢው ይቅር አልልም። ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ከላዩ የሚደረብ፣ ነፋስና ዝናብ የሚከለክል ሰፊ የዝናብ ልብስ ግን አብሮት ይኑር። ከሥር ደግሞ የሱፍ ሹራብ ቢገኝ ይመረጣል። በአዋሽ ቆላ ለሚኖር ሰው ስሌቱ ይገለበጣል። እዚያ ቀን ላይ የሚያሠጋው ሙቀት ነው፤ ላብ ጠጥቶ ቀስ እያለ የሚያተነው ሰፊና እጅጌ ረጅም የጥጥ ልብስ ሰውነትን ያቀዘቅዛል።

ጫማ ብቻ ከቦርሳው ውጭ መቀመጥ አለበት። መሬት ከተንቀጠቀጠ በኋላ ወለሉ በመስታወት ስብርባሪ ይሞላል፤ ሰውየው ቦርሳው ጋ ለመድረስ በዚያ ላይ መራመዱ ነው። ስለዚህ ሶሉ ጠንካራ የሆነ ሽፍን ጫማ አልጋው ሥር ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ለዚህ አይበቃም። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ካልሲ ይግባ፣ አንዱ ለመኝታ ብቻ ደረቅ ሆኖ የሚቆይ። የልጆች ልብስና ጫማ ግን በየዓመቱ ይጠብባል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቦርሳውን ፈትቶ በልካቸው መቀየር ያስፈልጋል።