ድሬዳዋን ከምድር ባቡር ግቢ ጀምሮ ማየት

ከቦሌ ተነሥቶ ድሬዳዋ ለመግባት በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ግን ድሬን የሚያውቃት በማለፍ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እንደወጣ መኪና ይይዝና ሽቅብ ወደ ሐረር ይሄዳል፤ ሲመለስ ለበረራው የተረፈችውን ጊዜ ጥላ ሥር ቀዝቃዛ ነገር እየጠጣ ያሳልፋታል። እኔ ድሬ ሁለት ሌሊት ይታደርባት ባይ ነኝ። የሚያድር ሰው ደግሞ ከተማዋን ከምድር ባቡር ግቢ ቢጀምር የቀረው ሁሉ እየተፈታለት ይሄዳል፤ ድሬን የወለዳት ባቡር ነውና።

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሥራው ሲጀመር የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር፤ የምሥራቁ ንግድ መናኸሪያ ያኔ ሐረር ነበረች። ችግሩ ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተራራ ላይ መቀመጧ ነው። ከግርጌዋ ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ነው። በመካከላቸው ያለውን ዳገት የእንፋሎት ባቡር ፉርጎ እየጎተተ እንዲወጣው ማድረግ ቀላል አይደለም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ቆንጥጦ የሚይዘው ነገር ጥቂት በመሆኑ ትንሽ ቀጥ ያለ አቀበት ላይ እንኳ ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን ተራራ ለመውጣት መስመሩን እያጠማዘዙ መውሰድ፣ ዋሻ መፈልፈል፣ ድልድይ ማብዛት ግድ ነው። ባቡሩን የሚሠራው ኩባንያ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. የመጀመሪያው ባቡር ሲደርስ አዲሱ ሰፈር አዲስ ሐረር ተባለ።

ከዚያ ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። ሌላ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ተረክቦት ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለድሬ ግን ያ የቆመ ጊዜ ዕድሏ ሆነ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣው ዕቃ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፤ ከዚህ ወዲያ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ወደ ባሕር የሚወርደው ቡናና ቆዳም እዚሁ ተጠራቅሞ ፉርጎ ይጠብቃል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ፣ ፈረንሳዩ እየመጣ ሱቅና መጋዘን ከፈተ። የእንፋሎት ባቡር በየመንገዱ ውሃ መጠጣት አለበት፤ የድሬ አሸዋማ ምድር ደግሞ የጉድጓድ ውሃ አያጣም። የመስመሩ ዋና ጋራዥ እዚህ ቢተከል አያስገርምም።

ጋራዡ ዛሬም አለ። ፈቃድ ጠይቆ መግባት ይቻላል፤ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ከቀትር በፊት ጣሪያው ገና አልጋለም። የጣቢያው ፊት ላይ የምድር ባቡሩ ስም በፈረንሳይኛ ተጽፏል፤ ከጀርባው ያለው ግቢ ራሱን የቻለ መንደር ነው። የብረት ማቅለጫው፣ የቶርኖው ክፍል፣ የእንጨት ሥራው፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ተራ በተራ ተደርድረዋል። በመካከላቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ይሄዳል። ይህ ጠባብ ሐዲድ ተመርጦ የተዘረጋ ነው፤ ሐዲድ በጠበበ መጠን በተራራና በሸለቆ መካከል በአጭር ኩርባ ሊታጠፍ ይችላል፤ ለመሥራትም ርካሽ ነው።

እዚያ ከሚታየው ሁሉ እኔን ያቆመኝ የባቡር እግር የሚስተካከልበት ትልቁ ቶርኖ ነው። የባቡር እግር ማለት በአንድ አክስል ላይ የተጣበቁ ሁለት የብረት ጎማዎች ናቸው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው በላይ እንዲሽከረከር የሚያደርግ ዲፈረንሻል አለው። ባቡር ይህ የለውም፤ ሁለቱ ጎማዎች እኩል ከመዞር ሌላ አማራጭ የላቸውም። መፍትሔው የተገኘው በቅርጻቸው ነው። የጎማው ፊት ለዓይን ጠፍጣፋ ይምሰል እንጂ ከውስጥ ወፍሮ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል። ባቡሩ ኩርባ ሲገባ እግሩ በጥቂቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ያኔ የውጭው ጎማ ሐዲዱን በወፍራሙ በኩል፣ የውስጠኛው በቀጭኑ በኩል ይረግጣል። ወፍራሙ በአንድ ዙር የበለጠ መንገድ ስለሚሸፍን እግሩ ራሱን በራሱ ያጥፋል። ጎማው ሐዲዱን ለቆ እንዳይወጣ ከውስጥ በኩል ያለው ከንፈር የመጨረሻ መያዣ ነው።

እንደ ጅቡቲ መስመር ኩርባ በበዛበት መንገድ ይህ ቅርጽ ቶሎ ይበላል። ከንፈሩ ይሳሳል፤ ፊቱ ይጎደጉዳል። ስለዚህ እግሩ ተፈትቶ ቶርኖው ላይ ይወጣል። ማሽኑ በዝግታ ያዞረዋል፤ ስለቱ ፊቱን ሲልጠው ብረቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ሠራተኛው ማሽኑን ያቆምና የመለኪያ ቅርጹን ጎማው ላይ አስደግፎ በመካከላቸው ብርሃን ማለፉን በዓይኑ ይፈትሻል። ብርሃን ካለፈ እንደገና ይላጣል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ካልሆኑ ባቡሩ ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ሳይቀር ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የተሳፋሪው ሕይወት በዚያ ክፍል ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ ባቡር ኩርባ ላይ በፍጥነት ሄዶ ገደል ሲገባ 428 ሰው አልቋል፤ ኩርባ ምን ያህል የሚፈራ ነገር እንደሆነ የምድር ባቡር ሰው ሁሉ ያውቃል።

የማሽን ሠሪዎቹ ኩባንያዎች ብዙዎቹ ከጠፉ ቆይተዋል፤ መለዋወጫ የሚታዘዝበት አገር የለም። ስለዚህ የተሰበረው ዕቃ እዚሁ ይሠራል። መጀመሪያ አምሳያው በእንጨት ይጠረባል፤ በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲወጣ ቅርጹን ጥሎ ይቀራል፤ የቀለጠው ብረት በዚያ ላይ ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ ቶርኖ ላይ ወጥቶ ልኩን ያገኛል። ሙያው ለረጅም ጊዜ የተማረው በፈረንሳይኛ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሠራተኞች የብሎኑንም የቁልፉንም ስም በዚያው ቋንቋ ይጠሩታል። የአገራችን የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ሲነሣ ከፊት ከሚጠሩት መካከል የምድር ባቡር ሠራተኞች መኖራቸውም የዚህ ግቢ ፍሬ ነው።

አሁን ያለው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ሐዲዱም ሰፊ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ ጅቡቲ ይገባል። የድሬ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ስለሆነ በሱ የመጣ መንገደኛ አሮጌውን ግቢ ሳያይ ሊመለስ ይችላል። በዚህ አዝናለሁ። እንግሊዝ አገር ዮርክ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች፤ በመካከለኛው ዘመን ቅጥሯና በካቴድራሏ የታወቀች። አሮጌውን የባቡር ጋራዥ አላፈረሰችውም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የአገሪቱ የባቡር ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ከከተማው ራቅ ብሎ በሰሜን ዮርክ ኮረብታዎች መካከል የሚያልፈው መስመር እ.ኤ.አ. በ1965 ተዘግቶ ነበር፤ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ጠግነው በ1973 አስነሡት፤ ዛሬ በእንፋሎት ባቡር የሚሄድበት ጎብኚ ብዙ ነው። ድሬ ከዮርክ የሚበልጥ ነገር በእጇ አለ፤ ማሽኖቹን በሥራ ላይ የሚያውቋቸው ሰዎች አሁንም በሕይወት አሉ። በአቅራቢያው ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች ተማሪዎቻቸውን ወደዚህ ቢልኩ፣ ቶርኖው ከሽማግሌው ወደ ወጣቱ እጅ ቢተላለፍ፣ ለሙዚየም ብሎ ከማቆሙ በፊት የሚበጀው ይህ ነው።

ከግቢው ሲወጡ የሚገኘው ከዚራ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ የበዛ፣ የባቡሩ መሐንዲሶች በማስመሪያ ያሰመሩት ሰፈር። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ አለ፤ እዚያ መንገዱን ያበጀው ገበያው ራሱ ነው። ቀፊራ ገበያ ቅስት በሮቿን አልፎ ሲገባ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ሐረሪው ይደባለቃል፤ ነጋዴዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር አፏን አያዳልጣትም። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል፤ ስለዚህ ተራራው ላይ ደመና ከታየ አሸዋው ላይ አይቆምም።

ከከተማው በስተደቡብ፣ ሩቅ ሳይሆን፣ ገደል ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳውያኑ ፒየር ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ያገኙት ነው። ከውስጡ ከ4,000 በላይ ቁራጭ ቀይ አፈር፣ በድምሩ 40 ኪሎ ግራም ያህል፣ ከመፍጫ ድንጋዮቹ ጋር ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ዕድሜው 40,000 ዓመት ይገመታል። ሰዎች ቀለም እየፈጩ የሚያዘጋጁበት ቦታ ነበር። አንድ ሥፍራ ላይ ተቀምጦ፣ መሣሪያ ይዞ፣ ዕቃ ማምረት ለዚህ ምድር አዲስ አይደለም።

ሁለተኛውን ቀን ለደንገጎ ዳገት ይተዉት። ሐዲዱ ያልቻለውን አቀበት መኪና እየተጠማዘዘ ይወጣዋል፤ ሙቀቱ በየኩርባው ይቀንሳል፤ ከላይ ሐሮማያና አወዳይ፣ ከዚያም ከድሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐረር ይመጣሉ። ለጉዞው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ከቀትር በኋላ ሱቁ ተዘግቶ ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ ጉዳይ ያለው ጠዋት ይጨርስ ወይም አመሻሹን ይጠብቅ። ቀፊራ ለሚሄድ የሚሻለው ጠዋት አትክልቱ ሲራገፍ ነው፤ ፈጢራ የሚወድ ግን ከሁሉ በፊት ቁርሱን ይብላ።