ባሩክ ዴጎ ለማን አገባ?

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚጓዝ መንገደኛ አውቶቡሱ ገና ፍጥነት ሳይዝ ወለቃን ያገኛታል። በመንገዱ ዳር የሸክላ ምስል የደረደሩ ሴቶችና ሕፃናት «ግዙን» እያሉ ይጣራሉ፤ ባለ ስድስት ማዕዘኑ የዳዊት ኮከብም በግድግዳና በትንንሽ ሰሌዳዎች ላይ ተሥሎ ይታያል። የኮከቡ ባለቤቶች ግን የሉም። ወለቃ ቤተ እስራኤል ይኖሩባት የነበረች መንደር ናት። ጸሎት ያደርሱበት የነበረው፥ እነሱ ራሳቸው መስጊድ ይሉት የነበረው ቤት ቀርቷል፤ የሸክላውንም ሥራ ጐረቤቶቻቸው ይዘውታል። ተሳፋሪው አንገቱን መለስ አድርጎ ያይና ወደ አምባ ጊዮርጊስ ያልፋል።

እኔም አልፌ ነበር። ነገሩ የተመለሰብኝ ዳባት ላይ የአውቶቡሳችን ጎማ ተንፍሶ ሾፌሩና ረዳቱ ከሥር ሲገቡ ነው። ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ ስለ ተነገረን፥ ግማሹ ተሳፋሪ ወደ ሻይ ቤት ሲገባ እኔ ከከተማው ዳር ወዳለው መስክ ወረድሁ። ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች በካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀው በሰፉት ኳስ ይጫወታሉ። ግባቸው ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው። አንደኛው የፋሲል ከነማን ቀይና ነጭ ማሊያ ለብሷል፤ ክለቡ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ካነሣ ወዲህ ይህ ማሊያ የማይታይበት መንደር ከጎንደር እስከ ሊማሊሞ ያለ አይመስለኝም።

«ጋሼ፥ ዳኛ ይሁኑልን» አሉኝ። ጫማዬን አይቼ ጥቂት አመነታሁ፤ ሆኖም እሺ አልሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ኳሱን በእጁ ስለ ነካ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ። ጠቡ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉን ሲያልፍ የነበረ አንድ ቀጭን ልጅ ኳሱን አንሥቶ ከግቡ ፊት አኖረ። ወዲያው የቡድኑ ልጅ ገፋ አደረገውና «አንተ አትመታም፤ የገጠር ልጅ ነህ» አለው። ለትምህርት ከገጠር መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ኖሯል። ክርክሩ ቢከርርም የኳሱ ባለቤት ረታ፤ ራሱ መታና ኳሱን ገብስ ማሳ ውስጥ ጨመረው።

ኳሱ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ልጆቹን ሰብስቤ የባሩክ ዴጎን ነገር አጫወትኋቸው። ለእናንተም ላጫውታችሁ።

ባሩክ በመጋቢት ወር 1973 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። (የዕብራይስጡ ባሩክ የእኛው ብሩክ መሆኑን ልብ ይሏል።) ከቤተ እስራኤል ወገን ስለ ሆነ በልጅነቱ ወደ እስራኤል ሄዶ እዚያው አደገ። በሜዲትራንያን ባሕር ዳር በምትገኘው በአሽዶድ ከተማ ክለብ ተጫውቷል፤ ስሙ የገነነው ግን በማካቢ ቴል አቪቭ ነው። ማካቢ በ1906 በአውሮፓ አቈጣጠር የተመሠረተ፥ በአገሩ የታወቀ አንጋፋ ክለብ ነው። እስራኤል በምዕራብ እስያ ያለች አገር ሆና ሳለ ክለቦቿ ከአውሮፓውያን ጋር ለምን ይጋጠማሉ የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በ1974 ከእስያው የእግር ኳስ ማኅበር ወጥታ፥ በ1994 የአውሮፓው ማኅበር ሙሉ አባል ስለ ሆነች ነው።

በ1997 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ማካቢ በአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ውስጥ ገባ። ዕጣው የጣለበት ምድብ የሚያስደነግጥ ነበር፤ ከኢጣሊያ ዩቬንቱስ፥ ከጀርመን ባየርን ሙኒክ፥ ከሆላንድ አያክስ። ማካቢ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች አንድም ግብ ሳያገባ ተሸነፈ፤ በባየርን 1 ለ 0፥ በዩቬንቱስ 1 ለ 0፥ በአምስተርዳም ደግሞ በአያክስ 3 ለ 0። በዚህ ጊዜ ጋዜጠኛ ሁሉ ማካቢን ከቈጠራው አውጥቶት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥቅምት 24 ቀን አያክስ በተራው ወደ እስራኤል መጣ። ከዕረፍት በኋላ ባሩክ ሁለት ግብ አከታትሎ አገባ፤ ጨዋታውም 2 ለ 1 አለቀ። በኅዳር ወር ባየርን በሙኒክ ማካቢን 5 ለ 1 ሲያሸንፍ አንዷን ያገባው ባሩክ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ዩቬንቱስ ወደ እስራኤል መጥቶ 1 ለ 1 ሲለያይ የማካቢን ግብ ያገባው አሁንም ባሩክ ነው። ዩቬንቱስ በዚያ ምድብ ከስድስት ጨዋታ አምስቱን ሲያሸንፍ ነጥብ የተጋራው ማካቢ ብቻ ነበር። ማካቢና አያክስ እያንዳንዳቸው 4 ነጥብ አገኙ፤ እርስ በርስ ባደረጉት ጨዋታ አያክስ በግብ ስለ በለጠ ማካቢ የመጨረሻ ሆኖ ቀረ። ማካቢ በምድቡ ያገባው አራት ግብ ነው፤ አራቱም የአንድ ሰው ናቸው። ይህ ሰው ያን ጊዜ ዕድሜው 23 ነበር።

ማሊያ የለበሰው ልጅ በጥሞና ሲሰማኝ ቆይቶ፥ «ታዲያ ጋሼ፥ ለማን ነው ያገባው? ለእኛ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስወጣ ከጠየቁኝ ፈተናዎች ይህን ያህል ያስቸገረኝ ጥቂት ነው። ለማካቢ ነው ብል እውነት ነው፤ ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድንም ተጫውቷል። የእኛ ነው ብል ደግሞ ልጆቹ ደስ ይላቸው ነበር። ነገር ግን ከመስኩ ዳር በካብ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡን የነበሩ ሽማግሌ ቀደሙኝ።

«የእነሱ ልጆች ናቸው ኳስ ተጫዋች የሆኑት?» አሉ።

«አዎን አባባ፥ አንቱ ታውቋቸው ኖሯል?» አልኋቸው።

«እንዴት አላውቅ! ማረሻ የሚሠሩልን እነሱ ነበሩ። ምጣዱን፥ ጋኑን ከሴቶቻቸው እንገዛ ነበር። አንድ ቀን ጧት ስንነሣ በራቸው ዝግ ነው። በሌሊት ሄደዋል። በዚያ ዓመት ማረሻ ለማሳል የግማሽ ቀን መንገድ ስንሄድ ከረምን።» ጥቂት ዝም ብለው ጨመሩ፤ «ቡዳ እንላቸው ነበር። በሠሩት ማረሻ አርሰን እየበላን።»

አነጋገራቸው የብዙ ዘመን ታሪክ በአጭሩ ነው። በስሜን ተራሮች ላይ ቤተ እስራኤል የራሳቸው ገዢዎች ነበሯቸው፤ ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ጋር፥ ኋላም ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተዋግተው በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ርስት አልባ ሆኑና በብረትና በሸክላ ሥራ፥ በግንባታና በሽመና ኖሩ። በ1970ዎቹ ከስሜን፥ ከወልቃይት፥ ከወገራና ከደንቢያ ብዙዎች በእግራቸው ቈላውን አቋርጠው ሱዳን ገቡ። በ1977 ዓ.ም. ወደ 8,000 የሚጠጉት ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ግን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአየር ተጓጓዙ።

በዚያስ እንዴት ተቀበሏቸው? ይህን ሳያነሡ የባሩክን ግብ ብቻ ማውራት ታሪኩን መቍረጥ ነው። በጥር 1988 ዓ.ም. በእስራኤል የደም ባንክ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የሚለግሱትን ደም ለብቻው ለይቶ በምሥጢር ይደፋ እንደ ነበር በጋዜጣ ተገለጠ። ምክንያቱ የበሽታ ፍርሃት ነው ተባለ። ብዙ ሺህ ሰዎች በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጡ፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጩ። ባሩክ ያን ጊዜ 15 ዓመት አልሞላውም። እዚህ የሠሩትን እየወሰድን ሰዎቹን ሸሸናቸው፤ እዚያ ደግሞ ሰዎቹን ወስደው ደማቸውን ደፉት።

የዚህ ልጅ ነገር ለእኔ የሚከብደኝ በዚህ ምክንያት ነው። ካገባቸው ከአራቱ ግቦች አብዛኞቹ በፍጹም ቅጣት ምት የተገኙ ናቸው። «ፍጹም ቅጣት ምትማ ማንም ያገባዋል» የሚል ተመልካች አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው መትቶ አያውቅም። ፍጹም ቅጣት ምት ከመመታቱ በፊት አንድ ሌላ ነገር ይደረጋል፤ ቡድኑ ኳሱን ለአንድ ሰው ያስረክባል። ደሙ ከተደፋ ወገን የመጣ ወጣት፥ ደሙ በተደፋ በ9ኛው ዓመት፥ በዩቬንቱስ ፊት ኳሱን ሲያስቀምጥ «አንተ አትመታም» ያለው የለም።

ግብ ዘረኝነትን ያድናል ለማለት አይደለም። በ2007 ዓ.ም. አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ወጥቶ ቴል አቪቭ ዳግመኛ በሰልፍ ተናውጣለች። ነገር ግን መንገዱ አልተዘጋም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በነታንያ የተወለደው ኤሊ ዳሳ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ለመሆን በቅቷል፤ የባሩክ ታናሽ ወንድም መሳይ ዴጎም በ2015 ዓ.ም. ክረምት የማካቢ ሃይፋ አሠልጣኝ ሆኖ ተሹሟል።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በቢሮ ያላችሁ ወጣቶች ይህን ክፍል በተለይ ብታነቡት እወዳለሁ። ውጭ ያደገ ልጅ ለእኛ ሊያገባ ቢፈልግ በየት በኩል ይገባል? የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቈጥረዋል። መልሶ ለማግኘት ያንን ትቶ እዚህ መኖር አለበት። እንጀራው በአውሮፓ ክለብ ያለ ተጫዋች ይህን ማድረግ ሥራውን መተው ነው። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደ መታወቂያ አለ፤ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» ይለዋል። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ኳስ ተመልካች ሳይሆን አይቀርም። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፥ ይሠራል፥ ንብረት ያፈራል፤ ደባርቅ ላይ ሆቴል ቢሠራ የሚከለክለው የለም። ዜጋ ግን አይደለም፤ ለብሔራዊ ቡድን ለመጫወት ደግሞ ፊፋ ዜግነት ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የመጡ አሉ። በ1983 ዓ.ም. ድሬዳዋ የተወለደው ፉአድ ኢብራሂም በአሜሪካ በሚኒሶታ አድጎ በ15 ዓመቱ በዳላስ ክለብ ተመረጠ፤ ለአሜሪካም የታዳጊ ቡድን ተጫወተ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ግን ሰውነት ቢሻው ይዘውት ወደ ደቡብ አፍሪካ በሄዱት ቡድን ውስጥ ነበር። ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተን፥ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን።

የብሔራዊ ቡድናችን ቅጽል ስም ዋልያ ነው። ዋልያ ደግሞ በዱር የሚኖረው በዚሁ በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። ስሙን ከዚህ ወስደናል። ከዚህ አካባቢ ልጆች ግን ምን ያህል ሜዳ፥ ምን ያህል አሠልጣኝ አቀረብንላቸው? ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ በዚያ ቀጭን አየር ዳገት ወጥቶ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ሳንባ አለው። ኳስ ተጫዋች የሚሠራው ከዐሥር ዓመቱ እስከ ዐሥራ ስድስቱ ባለው ጊዜ ነው፤ በየዕድሜው በተከፈለ ቡድን፥ በየሳምንቱ ጨዋታ፥ ስሕተቱን በሚነግረው ሰው ፊት። እነዚያን ዓመታት ለባሩክ የሰጡት ሌሎች ናቸው። ለልጁም በመጨረሻ የነገርሁት ይህንኑ ነው፤ «ያገባው ላሳደጉት ነው» አልሁት። ብዙም ደስ አላለውም።

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲጠራኝ ልጆቹ እስከ መንገዱ ሸኙኝና «ሲመለሱ እውነተኛ ኳስ ይዘውልን ይምጡ» አሉኝ።

ደባርቅ ላይ ከአንድ ሱቅ የላስቲክ ኳስ ገዛሁ፤ ቆዳው አልተገኘም። ከሦስት ቀን በኋላ ስመለስ የገበያ ቀን ኖሮ መስኩ በከብት ተሞልቷል፤ ልጆቹም የሉም። ግብ የነበሩት ድንጋዮች ላይ ሁለት በሬዎች ታስረዋል። ኳሱን ለሽማግሌው ሰጠሁና «ለዚያ ለገጠሩ ልጅ ያስይዙልኝ» አልኋቸው። እሳቸውም ገልበጥበጥ አድርገው አዩት፥ በጋቢያቸውም ሸፍነው ከጎናቸው አኖሩት።